ዝቅ የማይል ቅንድብ

የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ሩሃማን ዛሬም መለሳት።

«ደህና አደሩ ወይዘሮ ሩሃማ» አላት፣ ሰው በሚያባብልበት በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ዛሬ ደክመዋል። ቤትዎ ሄደው ይረፉ። ሕፃናቱን ሌላ ሰው ይዞልዎታል።»

አልደከማትም። ሌሊቱን ለጥ ብላ ነው የተኛችው፤ ቁርሷንም በልታለች። የደከመው ዓይኗ ብቻ ነው፤ እሱም ለሚያየው ሰው እንጂ ለሷ አይደለም። አርባን ካለፈች ወዲህ የላይኛው የዓይኗ ቆብ ቀስ በቀስ ወርዶ ዓይኗን ከላይ ሸፈን አድርጎታል። የእናቷም ዓይን እንዲሁ ነበር። በእናቷ ዘመን ግን ሰው «እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ዓይን» እያለ ያሞግሰው ነበር እንጂ ከሥራ በር ላይ አይመልሰውም።

ነገሩ የተጀመረው በሹፌሮች ነው። ያኔ ማንም አልተቃወመም፤ እንቅልፍ ያንጎላጀጀው ሹፌር ማን ይወዳል? ከሹፌሮች ወደ ነርሶች ሄደ፣ ከነርሶች ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ዳቦ ቤት። አሁን አዳማ ውስጥ ፊት ሳያይ የሚከፈት የሥራ በር የለም። ሕፃናት ጋ ሲደርስ ደግሞ ደንቡ ጠበቀ፤ ሕፃን ልጅ የደከመ ፊት ሲያይ መዋል የለበትም ተባለ። ይህን ያለው ሰው ሕፃን አሳድጎ እንደማያውቅ ግልጽ ነው። ግን ተባለ፣ ሆነም።

ኃላፊዋ እትዬ ሄርሜላ ከግቢው ውስጥ አይታት ወጣች። ስድሳ አልፏታል፤ ፊቷ ግን የሠላሳ ዓመት ሴት ፊት ነው፣ እጇን ከኪሷ እስካላወጣች ድረስ።

«ሩሃማዬ፣ አሁንስ አበዛሽው» አለቻት። «ምን ታካብጃለሽ? ምሳ ሰዓት እድሳት ቤት ትገቢያለሽ፣ በሳምንቱ ሥራሽ ላይ ነሽ።»

«እፈራለሁ እትዬ። ዓይን እኮ ነው።»

«ዓይኑን ማን ነካው? ቆቡን ነው፣ ቅንድቡን ነው። እኔ ይኸው ሁለቴ ታድሻለሁ፣ ምን ሆንኩ?» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሕፃናቱ የት ሄደች እያሉ አላስቀመጡንም» ብላ ጨመረች።

ሩሃማ የተረታችው በዚህች ነው። ሥራዋን ትወዳለች፤ እነዚያን አፍንጫቸው የማይደርቅ ልጆች ትወዳለች። በማግስቱ ፊት ወደሚታደስበት እድሳት ቤት ሄደች።

እድሳት ቤቱ የገበያ አዳራሹ ምድር ቤት ነው፣ በስልክ ጠጋኝና በጁስ ቤት መሀል። የተቀበለቻት ልጅ ያለውን ሁሉ፣ ምግብ በቃሏ እንደምትዘረዝር አስተናጋጅ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ዘረዘረችላት። የላይኛውን ቆብ ማሳጠር አለ፣ ከዓይን ሥር ያለውን ከረጢት ማውጣት አለ፣ ቅንድብ ማንሳት አለ። ቅንድቡ ደግሞ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ብሩህ ተብሎ ይከፈላል።

«ዝቅተኛው ይበቃኛል» አለች ሩሃማ።

«ብሩሁን አይተው ይወስኑ እንጂ።»

«ኧረ አይ፣ ምን ያደርግልኛል። ዝቅተኛው ይብቃኝ።»

ልጅቷ ለማየት ያህል ብላ ብሩሁን ስክሪኑ ላይ አመጣችው። ሩሃማ ክው አለች። ስክሪኑ ላይ ያለችው፣ ያኔ ገና ሳይጋቡ ከባሏ ከኪሩቤል ጋር ሶደሬ ሄደው የተነሱት ፎቶ ላይ ያለችው ሩሃማ ናት። ሳታስበው ቅንድቧ ብድግ አለ።

«እናመሰግናለን ወይዘሮ ሩሃማ» አለ ስክሪኑ። «ብሩሁ ተመርጧል።»

«አላልኩም እኮ!»

«ብለዋል» አለች ልጅቷ እየሳቀች። «አፍ ለይሉኝታ ነው እትዬ። ልብዎ ፈልጎታል።»

እውነት ለመናገር ልቧ ፈልጎታል። ስለዚህ እሷም ሳቀችና ወንበሩ ላይ ጋደም አለች።

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያዎቹ አንድ ነገር መባል አለበት። የኛ ሰው እሺታውን ቅንድቡን ብድግ አድርጎ ሲገልጽ ኖሯል፤ አፉን ለመክፈት የሰነፈ ባለሱቅ እንኳ «ስኳር አለ?» ሲባል ቅንድቡን ያነሳል፣ አለ ማለት ነው። አፋችን ግን ሌላ ነው። መሣሪያዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ የሚሰሙት አፍን ነበር። አንድ ትልቅ ሰርግ ላይ እንግዳው ሁሉ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ሲል መሣሪያው እውነት መስሎት ሳህኑን እያነሳ ሄደ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ጦሙን ወደ ቤቱ ገባ ይባላል። የሙሽራው አባት ያን ጊዜ ያለቀሰው ለቅሶ እስከ ዛሬ ይወራል። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ አፍን ትተው ፊትን እንዲያምኑ ተደረገ፤ ውሎ አድሮም ፊርማና አሻራ ቀርተው ባንኩም፣ ቀበሌውም፣ ትምህርት ቤቱም የሚያየው ቅንድብ ሆነ። እድሳት የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ነገሮች አገናኝቶ ያሰበ ሰው ይኖር ይሆናል። ካለም ሳይታደስ አልቀረም፤ ድምፁ አልተሰማም።

ፋሻው በተፈታ ዕለት የመዋዕለ ሕፃናቱ በር «እንኳን ደህና መጡ! እንዴት ያምርብዎታል!» ብሎ ወለል አለላት። ሕፃናቱ ግን አፈጠጡባት። ከዚያ አንደኛዋ «አንቺ የሩሃማ ልጅ ነሽ?» አለቻት። ሩሃማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሩሃማ በልጅ ላይ እጇንም ድምጿንም አንስታ አታውቅም፤ የምትገዛው በዓይኗ ነው። አንድ ልጅ የጓደኛውን ዳቦ ሊነጥቅ እጁን ሲዘረጋ ቅንድቧን ቁጥር፣ ዓይኗን ጉርጥ ካደረገች በቃ፤ እጁ አየር ላይ ይቀራል። አሁን ጉርጥ ስታደርግ ልጁ ያያትና ፈገግ ብሎ ዳቦውን ይወስዳል። ፊቷ «ውሰድ የኔ ጌታ» እያለው ነው። ስትቆጣው ድምጿና ፊቷ አልጣጣም ብለውት ግራ ይገባዋል፤ ሌሎቹም ተሰብስበው እንደ ጨዋታ ያዩአታል። በሳምንቱ ክፍሉ ገበያ ሆነ።

ውጭም እንዲሁ ነው። ዳቦ ቤት ገብታ ዳቦ ስትጠይቅ ኬክ ይጨመርላታል። ባጃጁ «አቋራጭ ከባቡር ጣቢያው በታች ልሂድ?» ሲላት ሳትመልስ ዞሮ ይሄዳል። እነዚህ ቀላል ናቸው፤ ለወሬ ይሆናሉ። የጎረቤታቸው የእማማ ሶልያና ልጅ የሞተ ዕለት የሆነው ግን ለማንም አልተወራም። እማማ ሶልያና የሰማንያ ዓመት ሴት ናቸው፣ አልታደሱም። ድንኳኑ ውስጥ የልጃቸው የሥራ ባልደረቦችና የሰፈሩ ሰው ከዳር እስከ ዳር ተቀምጦ ያለቅሳል። ማልቀሱን አልቅሷል፤ እንባው ይወርዳል። ፊቱ ግን በጠቅላላ ብሩህ ነው፣ ቅንድቡ ሁሉ ወደ ላይ ነው። እማማ ሶልያና ቀና ብለው አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ «ምን ሰምታችሁ ነው?» አሉ። «ልጄ ተነሳ እንዴ?»

ሩሃማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ከድንኳኑ ወጣች።

ቤት ስትገባ ባሏ ኪሩቤል ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነበር። ኪሩቤል ከባድ መኪኖችን ቢሮ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው ነው፤ ከታደሰ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከታደሰ ወዲህ ባሕሪው ተቀይሯል። ድሮ ቁጡ ነበር፣ ሰው አይቀርበውም። አሁን የእድሩ ጸሐፊ ነው፣ የሰፈር ጥበቃው ሰብሳቢ ነው፣ እሁድም የሌላ ሰው ፈረቃ ይሸፍናል። ቤታቸው ውስጥ ሁለት ማቀዝቀዣ አለ፤ ሁለተኛውን ያመጣው ሻጭ ነው፣ አንዱ እንኳ ሳይበላሽ። ሩሃማ ይህን ሁሉ ስታይ «እግዜር ልቡን አራራው» እያለች ለጓደኞቿ ስታወራ ነው የኖረችው።

የእማማ ሶልያናን ነገር ነገረችው።

«ኪሩ» አለችው በመጨረሻ። «አንተ የእድር ጸሐፊ መሆን ፈልገህ ነበር?»

«እኔ እሺ ብዬ አላውቅም ሩሂ» አላት። «እሺ ይባልልኛል።»

«እሁድ እሁድስ?»

«እሱም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩሽ እንጂ። ይቺ ነገር ልትገድለኝ ነው ብዬ ነገርኩሽ። ፊቴን አየሽና ሳቅሽ።»

ሩሃማ ማስታወስ ሞከረች፤ አስታወሰችም። እዚሁ ሶፋ ላይ ነበር። የሚቀልድ መስሏት ትከሻውን መትታው ነበር። አሁን ፊቱን አየችው፤ ደስ ያለው፣ መልካም ወሬ ሊሰማ የጓጓ ሰው ፊት ነው። እቅፍ አድርጋው አለቀሰች፤ እሱ ግን ማልቀሷን ያወቀው ሸሚዙ ሲረጥብ ነው።

በማግስቱ እድሳት ቤት ሄዳ ቅንድቧ ትንሽ ዝቅ ይልላት እንደሆነ ጠየቀች። የዚያን ዕለቷ ልጅ አዘነችላት፣ ወይም ያዘነች መሰለች። ብሩህ አይመለስም አለቻት። ቅንድብን ወደ ታች የሚስበው ጡንቻ ከሥራ ውጪ ስለሚደረግ ከዚህ በኋላ ከፍ ማድረግ እንጂ ዝቅ ማድረግ የለም።

እስከዚህ ድረስ የደረሰው በራሷ ላይ ነው። ሰው በራሱ የመጣን ነገር ይለምደዋል፤ እሷም ልትለምደው ነበር። ከዚያ ግን የኖላዊት ነገር መጣ።

ኖላዊት አንድያ ልጃቸው ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ቁርጥ የአያቷ ነው፣ ከባድ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል። ያን ሰሞን ትምህርት ቤቷ ለአሥረኛ ክፍል ሴቶች ቅድመ እድሳት መጀመሩን አሳወቀ። ፊት ሳያረጅ ቀድሞ ከተያዘ ዕድሜ ልክ አያረጅም፣ ነፃ ነው፣ የሚያስፈልገው የአንድ ወላጅና የተማሪዋ እሺታ ብቻ ነው ተባለ። ሁለቱም የግድ አዳራሽ ቀርበው ይጠየቃሉ። ትምህርት ቤቱና መዋዕለ ሕፃናቱ አንድ ግቢ ናቸው፤ የበላያቸውም ያችው እትዬ ሄርሜላ ናት።

«እኔ አልፈልግም» አለች ኖላዊት እራት ላይ። «ዓይኔን እወደዋለሁ። እማ፣ እምቢ በይልኝ።»

ሩሃማ በሕይወቷ አንድ እምቢታ ከፈለገች ይኸው አሁን ነው።

መስታወት ፊት ቆማ ሞከረች። ቅንድቧን በሁለት ጣቷ ይዛ ቁልቁል ስባ ትለቀዋለች፤ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። በፕላስተር ለጠፈችው፤ ፕላስተሩ ተላቀቀ። ሻሿን ግንባሯ ድረስ አውርዳ አሰረችው፤ ይህኛው ደህና መሰላት። አሮጌ ስልኳ ፊት ቆማ «እምቢ» ስትለው ስልኩ «ይቅርታ፣ ሻሽዎን ከፍ ቢያደርጉልን» አላት። ኪሩቤል ይሂድ እንዳትል የሱ ከሷ የባሰ ነው።

ስለዚህ ልጅቷን ቁጭ አድርጋ አነጋገረቻት።

«ስሚኝ ኖሊ። እኔን ተይኝ፤ እኔ የፈለግኩትን ብል እሺ ይባልልኛል። ያንቺ ቅንድብ ግን ገና ያንቺ ነው። ሲጠይቁሽ ቁጥር አድርጊውና እምቢ በይ። ካንቺ እምቢታ ማለፍ አይችሉም።»

«ሥራሽስ?» አለች ኖላዊት። ባለፈው ዓመት ሌላ ትምህርት ቤት ልጇን አላሳድስም ያለችን አንዲት አስተማሪ በሩ በየቀኑ እየመለሰ ከሥራ እንዳስወጣት እሷም ሰምታለች።

«ሥራው ገደል ይግባ!»

ይህን ያለችው ከልቧ ነው። ኖላዊት ግን ፊቷን ትክ ብላ አየችው።

«ምነው?» አለቻት ሩሃማ።

«ምንም። አሁን አሁን ምን እንደምታስቢ አላውቅም።»

«የምነግርሽን ስሚ። አፌን ስሚ።»

«አፍሽን መቼ ሰምቼ አውቃለሁ እማ?» ሳቅ ለማለት ሞከረች። «አንቺ አይደለሽ ዓይኔን እዪ እያልሽ ያሳደግሽኝ?»

እውነቷን ነው። ሰው ቤት ሲሄዱ ብስኩት ይቀርባል፤ ሩሃማ በአፏ «ውሰጂ እንጂ እናቴ፣ ምን ያሳፍርሻል» ትላለች፣ በዓይኗ ደግሞ «ዋ!» ትላለች። ኖላዊት አንድም ቀን አልተሳሳተችም። እንግዳ መጥቶ «ተቀመጡ፣ ምን ያስቸኩላችኋል» ስትል ልጅቷ ዓይኗን አይታ ጫማቸውን ታቀርባለች። በዚህ ነበር የሚኮሩት። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ያለች ሰው የምታውቅ ልጅ» ይላቸው ነበር።

«የአሁኑ ሌላ ነው» አለች ሩሃማ። «ዓይኔ የኔ አይደለም።»

«እሺ እማ» አለች ልጅቷ። ቅንድቧም በስሱ ብድግ አለ። ሩሃማ እፎይ አለች።

ቀጠሮው ጠዋት ነበር። አዳራሹ በወላጅ ተሞልቷል፤ ሁሉም በፀጥታ ተሰልፏል፣ ሁሉም ፊቱ ብሩህ ነው። በጎን በኩል በነጭ መጋረጃ የተሸፈነ በር አለ። እየተጠሩ የሚገቡት ልጃገረዶች እርስ በርስ ይሳሳቃሉ፤ እንደ ክትባት ነው የቆጠሩት። እትዬ ሄርሜላ በሩ ጎን ቆማ እያንዳንዱን ወላጅ ጉንጩን እየሳመች ታሳልፋለች።

ሩሃማ ተጠራች። ስክሪኑ ፊት ቆመች፤ ኖላዊት ከጎኗ።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ሩሃማ» አለ ድምፁ። «ልጅዎ ኖላዊት ኪሩቤል ቅድመ እድሳት እንድታገኝ ይስማማሉ?»

«አልስማማም» አለች ጮክ ብላ። «እምቢ ብያለሁ። ልጄ አትነካም።»

«ይሉኝታዎን እናከብራለን» አለ ድምፁ በትህትና። «እሺታዎ ተመዝግቧል። እናመሰግናለን።»

ይህን ጠብቃ ነበር። ጠብቃው ስለነበር አልደነገጠችም፤ ወደ ልጇ ዞር ብላ ክንዷን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ኖላዊት፣ አንቺስ ትስማሚያለሽ?» አለ ድምፁ።

ኖላዊት ቅንድቧን ቁጥር ልታደርግ ጀመረች። ሩሃማ አይታዋለች፤ ግንባሯ ላይ ያችን ትንሽ መስመር አይታለች። ያን ጊዜ እትዬ ሄርሜላ ጠጋ ብላ «ምነው ኖሊዬ? እናትሽ ስላንቺ ስንት ነገር እያሰበች» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ልጅቷ መስመሩን ሳትጨርሰው ቆም ብላ፣ ጨዋ ልጅ ትልቅ ነገር ሊመልስ ሲል እንደሚያደርገው፣ ወደ እናቷ ዞረች።

«አይሆንም በይ» አለች ሩሃማ። «በይ እንጂ!»

ኖላዊት አፏን አላየችም። ዓይኗን ነበር የምታየው።

ሩሃማ በልጇ ፊት ላይ ሁሉንም አነበበችው፤ የልጇ ፊት ገና ይነበባል። መጀመሪያ ጥርጣሬ ነበር። ከዚያ ልጅቷ ሰው ቤት ብስኩት ሲቀርብላት የሚታይባት ያ ብልህነት መጣ፤ አፍ የሚለውን ወደ ጎን አድርጎ እውነተኛውን መፈለግ። የእናቷ አለቃ ጎኗ ቆማለች፤ ሰው ሁሉ እያያት ነው። እናቷ በአፏ «አይሆንም» ትላለች፣ ሰው የሚፈልገውን ነገር መጀመሪያ እንደሚገፋው። ፊቷ ግን ተስፋ የሞላበት፣ የሚለማመጥ፣ «እባክሽ የኔ ልጅ» የሚል ነው።

ሩሃማ ይህ ሲገባት እንባዋ መጣ። እንዳይመጣ ታገለችው፤ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፣ በለቅሶው ድንኳን አይታዋለች። ግን መጣ፣ በዚያ በተወጠረ ብሩህ ፊት ላይ ወረደ። ኖላዊት ይህን እንባ አየችው፤ የደስታ እንባ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«አይደለም! ኖሊ፣ አይደለም! አፌን ስሚ!»

«ገባኝ እማ» አለች ኖላዊት ቀስ ብላ። «አይዞሽ። ገባኝ።»

ከዚያም ቅንድቧን ብድግ አደረገች።

«እናመሰግናለን» አለ ድምፁ።

ሩሃማ ክንዷን አልለቀቀችም፤ ያስለቀቋት ሁለት ሴቶች ናቸው፣ «እናት እኮ እንዲህ ናት» እያሉ እየሳቁ። ጮኸች። ጩኸቷን ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ ዞሮ ያያት ግን ፊቷን አይቶ ፈገግ አለላት። አንዲት የማታውቃት ሴት «እኔንም እንዲህ አድርጎኝ ነበር፣ ደስታ ሲበዛ» ብላ መሐረብ ሰጠቻት። እትዬ ሄርሜላ አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት። «እንኳን ደስ ያለሽ ሩሃማዬ» አለቻት። መጋረጃው ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ልጃገረዶቹን በግቢው ዛፍ ሥር ባሉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ደርድረው አስቀመጧቸው። ሁሉም ግንባራቸው ላይ ነጭ ፋሻ አለ፣ ዓይናቸው አብጧል። ሩሃማ ልጇን ለመለየት በየወንበሩ እያጎነበሰች ማየት ነበረባት። ያወቀቻት በጫማዋ ነው።

አጠገቧ ተቀመጠች። ምን እንደምትላት አስባ ነበር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብላ ስታስብ ነው የዋለችው፤ እውነቱን ልትነግራት ነበር። ልጅቷ ያየችው ነገር እንዳልነበረ፣ አፏ እውነት እንደነበረ፣ ፊቷ ሐሰት እንደነበረ ልትነግራት ነበር።

ኖላዊት ያበጠ ዓይኗን እንደምንም ገለጥ አድርጋ እናቷን ፈለገቻት።

«እማ፣ ያማል» አለች። ከዚያ ህመሙን ዋጥ አድርጋ «ግን ደስ አለሽ አይደል?» ብላ ጠየቀቻት። «እኔ ላንቺ ብዬ ነው። በሩ እንዳይመልስሽ ብዬ። ደስ አለሽ አይደል?»

ሩሃማ ፋሻውን አየችው። ከሥሩ ያለው ከእንግዲህ አይመለስም። ልጅቷ በእጇ የቀራት ነገር ቢኖር ይህ አንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ እሱንም መንጠቅ የሚችለው የሩሃማ አፍ ነው።

«አዎ የኔ ልጅ» አለቻት። «በጣም ደስ ብሎኛል።»

ከታደሰች ጀምሮ አፏና ፊቷ አንድ ነገር ሲሉ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ኖላዊት ሁለቱን አስተያየችና አመነቻት፤ እፎይ ብላም ራሷን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ለመጨፈን ሞከረች።